ስም ያጣ ምስል

በስደት ላይ ያለ ወገን ከሀገሩ ይዞት የወጣው ነገር ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባብያን መንገር አያስፈልግም። ልብሱ ያልቃል፤ ጌጡ ይሸጣል፤ ደብዳቤው ከአፓርታማ ወደ አፓርታማ ጓዝ ሲነሣ ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ በየቤቱ ሥርቻ የሚገኝ አንድ ንብረት ግን አለ፤ እርሱም ፎቶግራፍ ነው። ከፎቶግራፍም መካከል ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው እምብዛም የማይታሰበውን፣ በግድግዳ የማይሰቀለውን፣ በአልበም የማይገባውን፣ ብርሃን ካላለፈበት በስተቀር ከቶ የማይታየውን፣ ስላይድ የተባለውን ነው።

እኛ በአርሊንግተን፣ በዴንተንና በሪቻርድሰን በሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች የምንማር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ነን። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ማታ ማታ እየተሰበሰብን፣ በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ የሚኖሩ ታላላቆቻችን ያስቀመጧቸውን ስላይዶች ወደ ዲጂታል ምስል ስንገለብጥ ቆይተናል። ሥራው በጥቂት ገንዘብ እንደምን እንደሚሠራ፣ ከዚያም በላይ ለምን ጥርት ብሎ መሠራት እንዳለበት፣ በሌላ ከተማ ለሚገኙ ጓደኞቻችን ብናካፍል ይጠቅማል ብለን ይህን ጻፍን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ አካባቢ፣ ይልቁንም በጋርላንድና በሰሜን ምሥራቅ ዳላስ ተሰባስቦ የሚኖረው ወገናችን በአንድ ጊዜና በአንድ መንገድ የመጣ አይደለም። ጥቂቶቹ ከ1974ቱ አብዮት በፊት ለትምህርት መጥተው የመመለሻው መንገድ ሲዘጋባቸው በዚያው የቀሩ ናቸው። ሌሎች ደግሞ በሱዳን በኩል በእግር ወጥተው፣ አሜሪካ የስደተኞችን ሕግ በ1980 ካወጣች በኋላ በሰማንያዎቹ ዓመታት የገቡ ናቸው። ከዚያም በዲቪ ሎተሪና በቤተሰብ ጥሪ የመጡት ተጨመሩ።

ይህ ልዩነት በስላይዱ ነገር ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። ፊተኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው በአውሮፕላን የመጡ ስለሆኑ ስላይዱ ያለው በእነርሱ እጅ ነው። ድንበሩን በእግራቸው የተሻገሩት ግን ምስል የላቸውም። ከእነርሱም መካከል፣ በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ዘመን ቤት ለቤት ፍተሻ ሲካሄድ «ከማን ጋር ቆመህ ተነሣህ?» መባልን ፈርተው ፎቶግራፋቸውን በገዛ እጃቸው ያቃጠሉ ቤተሰቦች ልጆች ይገኛሉ። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ምስሉ ያለው ሰው ስሙን ረስቶታል ወይም ከመጀመሪያውም አላወቀውም፤ ስሙን የሚያውቀው ሰው ደግሞ ምስሉ የለውም። ሁለቱም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከአንድ ሱቅ እንጀራ ይገዛሉ። ሥራችን በመሠረቱ እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ነው።

ለምን አሁን? ለሚል ጠያቂ መልሱ በፊልሙ ጠባይ ውስጥ ይገኛል። ስላይድ ቁመቱ 24፣ ስፋቱ 36 ሚሊሜትር የሆነ፣ በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ክፈፍ የታሰረ ቁራጭ ፊልም ነው። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ዕድሜ የለውም። ኮዳክሮም የተባለው በጨለማ ከተቀመጠ ቀለሙን ለብዙ አሠርት ዓመታት ይጠብቃል፤ የሚጎዳው በፕሮጀክተር ብርሃን ላይ ሲቆይ ነው። የቀድሞው ኤክታክሮም ግን፣ በተለይ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት የታጠበው፣ በጨለማም ቢሆን ይለቃል። ሰማያዊ ነክ የሆነው ቀለም ቀድሞ ስለሚሞት ሰማዩም፣ ሣሩም፣ የሰው ፊትም ቀይ ይመስላል። መቅላቱን በኮምፒዩተር በከፊል ማረም ይቻላል፤ ፈጽሞ የጠፋውን ቀለም ግን የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ኤክታክሮም የተጻፈበትን አስቀድመን እንገለብጣለን፤ ኮዳክሮሙ ጥቂት ሊጠብቅ ይችላል።

በዚህ ላይ የቴክሳስ ሙቀት ይጨመራል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲወጣ በጋራዥ፣ በጣራ ሥርና በኪራይ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ይብሳል። እኛ ካየናቸው ሣጥኖች አብዛኞቹ የተቀመጡት ደግሞ ከነዚሁ በአንዱ ነበር። ስለዚህ ለወገኖቻችን የምንሰጠው የመጀመሪያ ምክር ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ ሣጥኑን ከጋራዥ አውጥታችሁ ሰው በሚኖርበት ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ስላይድ ያለ መሣሪያ አይታይም፤ መሣሪያው ደግሞ አልፎበታል። ኮዳክ የስላይድ ፕሮጀክተር መሥራቱን በ2004፣ የኮዳክሮምን ፊልም ደግሞ በ2009 አቆመ። ኮዳክሮምን ያጥብ የነበረው የዓለም የመጨረሻው ላቦራቶሪ ከኛ በስተ ሰሜን፣ ኦክላሆማን አልፎ፣ በካንሳስ ፓርሰንስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው ድዌይንስ ፎቶ ነበር፤ እርሱም የመጨረሻውን ፊልም የተቀበለው ዲሴምበር 30 ቀን 2010 ነው። በየቤቱ የፕሮጀክተሩ አምፖል በተቃጠለ ጊዜ ሣጥኑ ተዘጋ፤ ከተዘጋም በኋላ ልጆች ተወልደው አደጉ፤ በውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቁ።

የሚያስገርመው ግን ፊልምን የሻረው ጥበብ መነሻው ከዚሁ ከኛ ከተማ መሆኑ ነው። ጃክ ኪልቢ የተባለው መሐንዲስ የመጀመሪያውን ኢንቴግሬትድ ሰርኪዩት ለሥራ ባልደረቦቹ ያሳየው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1958 በዳላስ፣ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1975 ስቲቭን ሳሰን የተባለው የኮዳክ መሐንዲስ ያለ ፊልም የሚሠራ ካሜራ ሠራ፤ ምስሉ 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው። ዛሬ አንድ ተማሪ በትርፍ ጊዜ ሥራ ደመወዙ የሚገዛው አሮጌ ካሜራ 24 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛል። ፊልሙን የገደለው መሣሪያ ፊልሙን ሊያድን ይችላል ማለት ነው፤ አያያዙን ካወቅንበት።

ስንጀምር በፊታችን የነበሩት መንገዶች ሦስት ነበሩ። አንደኛው ለዚህ ሥራ ለተቋቋሙ ድርጅቶች ከፍሎ ማሠራት ነው። ሒሳቡ በእያንዳንዱ ስላይድ ስለሆነ፣ ለአንድ ሣጥን ቢቻልም ለሺዎች አይቻልም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ታላላቆቻችን ሣጥኑን በፖስታ መስጠትን አይወዱም፤ እኛም አንፈርድባቸውም። ሁለተኛው በየመደብሩ የሚሸጠው፣ ስላይዱ ገብቶበት በአንድ ቁልፍ ምስል የሚያወጣው ርካሽ ሣጥን ነው። ሌንሱ ደካማ በመሆኑ ምስሉ በስልክ ላይ ያማረ ይመስላል፤ አስፍተው ሲያዩት ግን ይጨፈግጋል። ሦስተኛው በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ጠፍጣፋ ስካነር ነው። በካርቶኑ ላይ በኢንች 6,400 ነጥብ ተብሎ ይጻፍበታል፤ በእውነት የሚለየው ዝርዝር ግን ከዚያ ከግማሽ እጅግ ያነሰ ነው። ወረቀት ለመገልበጥ ጥሩ ነው፤ ለአንድ ኢንች ተኩል ፊልም ግን አይበቃም። ለፊልም ብቻ የተሠሩት እንደ ኒኮን ኩልስካን ያሉት ስካነሮች መልካም ነበሩ፤ ነገር ግን መሠራታቸው ከቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያገለገለውም ቢሆን ከኛ ኪስ በላይ ነው።

ስለሆነም አራተኛ መንገድ መረጥን፤ ይኸውም ስላይዱን በካሜራ ዳግመኛ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ካሜራው ከመካከላችን የአንዱ ነበር። በመዋጮ የገዛነው አሮጌ 55 ሚሊሜትር ማይክሮ ኒኮር ሌንስ፣ ሌንሱን ከካሜራው የሚያርቅ አንድ ቀለበትና ለሥዕል ተማሪዎች የሚሸጥ ጠፍጣፋ የኤልኢዲ መብራት ነው። ሁሉም ተደምሮ ሁለት መቶ ዶላር አልሞላም። የቀረው ጣውላ፣ ጥቁር ካርቶንና ሙጫ ነው። ገንዘብ ያነሰው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በሌንሱ ላይ ያውጣ፤ ቀጥሎ በመብራቱ ላይ ያውጣ፤ መብራቱም ቀለምን በትክክል የሚያሳይ፣ የቀለም ታማኝነት መለኪያው ከ95 በላይ የሆነ ይሁን። በካሜራው ላይ ግን ገንዘብ አያባክን። አንድ የ24 ሚሊዮን ነጥብ ካሜራ የስላይዱን ስፋት ሲሞላው 6,000 ነጥብ ይሰጣል፤ ይህም በኢንች ከ4,000 በላይ፣ በአንድ ሚሊሜትር 166 ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ነጥብ መብዛቱ ብቻ ጥራትን አያመጣም። ጥራት የሚገኘው ከአምስት ልማዶች ነው፤ ከነዚህም አንዱ እንኳ ዋጋ የለውም።

የመጀመሪያው ትይዩነት ነው። ካሜራውና ስላይዱ ፍጹም ትይዩ ካልሆኑ አንዱ ጠርዝ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል። ለዚህ ውድ መለኪያ አያስፈልግም፤ ስላይዱ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ መስተዋት አስተኝቶ በካሜራው መመልከት ነው። ካሜራው የራሱን ሌንስ ልክ በመካከል ካየው ትይዩ ነው፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ አስተካክሎ እንደገና ማየት ነው።

ሁለተኛው ፎከሱን በእጅ ማስተካከል ነው። በካሜራው መስኮት ምስሉን እጅግ አስፍቶ፣ የሰውን ዓይን ወይም የቤትን ጠርዝ ሳይሆን የፊልሙን ቅንጣት መፈለግ ይገባል። ቅንጣቱ እንደ ጤፍ ተለይቶ ከታየ በፊልሙ ላይ ያለው ሁሉ ተይዟል ማለት ነው። ስላይድ ሲሞቅ በክፈፉ ውስጥ ስለሚጎብጥ በመብራቱ ላይ ረጅም ጊዜ አናቆየውም፤ ክፈፉ ሲለወጥም ፎከሱን ደግመን እናያለን።

ሦስተኛው የሌንሱ የብርሃን መግቢያ ነው። እጅግ ከተከፈተ ጠርዙ ይለሰልሳል፤ እጅግ ከጠበበም ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል። በ5.6 እና በ8 መካከል መቆየት ይበጃል።

አራተኛው ፀጥታ ነው። የምንሠራው በአንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ የአየር ማቀዝቀዣው ሞተር በተነሣ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ በዚህ ቅርበት ደግሞ የፀጉር ያህል ንቅናቄ ምስሉን ያጠፋዋል። ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ዘግተን፣ በነሐሴ ሌሊት እያላበን፣ ካሜራው ቁልፉ ከተነካ ከሁለት ሴኮንድ በኋላ በራሱ እንዲያነሣ እያደረግን እንሠራለን። የክፍሉን መብራት አጥፍተን፣ በስላይዱ ዙሪያ የሚያመልጠውንም ብርሃን በጥቁር ካርቶን እንሸፍናለን።

አምስተኛው ንጽሕና ነው። አቧራውን በትንሽ የጎማ ወናፍ እናራግፋለን፤ ከዚያም እንደ ሁኔታው ለስላሳ ብሩሽ እናስከትላለን። ውኃ፣ ምራቅና የሸሚዝ ጫፍ ከቶ አይነኩትም። አንዳንድ ስካነሮች አቧራውን በኢንፍራሬድ ብርሃን ለይተው ያጠፋሉ፤ ነገር ግን ይህ ዘዴ ለኮዳክሮም እምብዛም አይረዳም። ወናፉ ለሁሉም ይረዳል።

ስለ ብርሃኑ መጠን አንድ ነገር እንጨምር። በሀገራችን በተነሡ ስላይዶች ላይ ነጭ ሸማና ጠይም ፊት በጠራራ ፀሐይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ለፊቱ ብለው ብርሃን ቢያበዙ የነጠላው ጥለት ይጠፋል፤ ለነጠላው ብለው ቢቀንሱ ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ እያንዳንዱን በሁለት መጠን እናነሣለን፤ ካሜራው ሳያሳጥር የሚያስቀምጠውንም ጥሬ ፋይል እንይዛለን። ደብዛዛው የፊልሙ ወገን ወደ ሌንሱ ከዞረ ግራና ቀኙ እንደ መስተዋት ይገለበጣል፤ ለዚህ ዳኛችን ፊደላችን ነው። በሱቁ ሰሌዳ ላይ ያለው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ከተነበበ ሀገሩ በትክክል ቆሟል።

አንባቢ «ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?» ይል ይሆናል። እኛም ቀድሞ ከአንዳንድ ሰዎች ሰምተነዋል። መልሱን ያገኘነው ከአንድ ስላይድ ነው።

በጋርላንድ የሚኖሩ፣ በ1971 ለምሕንድስና ትምህርት የመጡ አንድ ጋሼ ሣጥናቸውን ሰጡን። ከውስጡ በአንዱ ላይ ሠላሳ ያህል ተማሪዎች በስድስት ኪሎ በደረጃ ላይ በሦስት ረድፍ ቆመው ይታያሉ። ልጃቸው ይህንኑ ስላይድ ቀደም ሲል በዚያ በርካሹ ሣጥን ገልብጦት ነበር፤ የፊተኛው ረድፍ ይለያል፤ ሁለተኛው ይገመታል፤ ሦስተኛው ጭጋግ ነው። ጋሼም ከኋላ የቆሙትን አያስታውሷቸውም፤ «የሌላ ፋኩልቲ ልጆች ይመስሉኛል» አሉን።

በዚያ ፊልም ላይ የአንድ ሰው ፊት ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም። አንድ ሚሊሜትር! ትክክለኛ ሌንስ፣ ትክክለኛ ፎከስና ፀጥ ያለ ወለል ካሉ ያ አንድ ሚሊሜትር 166 ነጥብ ይሆናል፤ ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ጭጋግ ይሆናል። በኛ ጣውላ ላይ ደግመን ስናነሣው ሦስተኛው ረድፍ ከጭጋጉ ወጣ።

ምስሉን ከሌሎች ጋር አድርገን፣ ጋሼ ፈቅደውልን፣ በአንድ የሰንበት ማኅበር ላይ በግድግዳ አሳየነው። ከተሰበሰቡት መካከል በ1983 ከሱዳን የመጡ አንዲት እትዬ ነበሩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ቆይተው «እስቲ እርሱን አቅርቡልኝ» አሉ፤ አቀረብነው። «ፍንጭቱ ነው» አሉ። በ1978 ከቤት ተወስዶ ያልተመለሰ ታላቅ ወንድማቸው ነበር። የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ሁሉ አንድ ሌሊት በምድጃ ውስጥ ስለነደደ ከዚያ ወዲህ ፊቱን አላዩትም። ሁለቱ ጥርሶቹ መካከል ያለችው ያቺ ክፍተት በርካሹ ግልባጭ ላይ አልነበረችም። ጋሼና እትዬ ለሠላሳ ዓመታት ያህል በአንድ ደብር ሲሳለሙ ኖረዋል።

ስሙን እዚህ አንጽፍም፤ የቤተሰቡ ነውና። በመዝገባችን ግን ተጽፏል። እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጥራት ስንከራከር እንደ ዕቃ ወዳጆች አንከራከርም። ጥራት ቅንጦት አይደለም፤ በሦስተኛው ረድፍ የቆመው ሰው የሚታወቅበትና የማይታወቅበት ልዩነት ነው።

ከዚህም የተነሣ አሠራራችንን ለወጥን። ድሮ አስቀድመን እንገለብጥ፣ በኋላ እንጠይቅ ነበር። አሁን ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ሣጥኑን አብረናቸው እንከፍታለን፤ ስላይዱን በመብራት ላይ ዘርግተን የሚናገሩትን በድምፅ እንቀዳለን፤ መገልበጡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፊልሙ ሌላ ዐሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ግን ሊጠብቁን ቃል አልገቡልንም።

የክፈፉንም ጽሑፍ እናነሣለን። ኮዳክ በብዙ ክፈፎች ላይ ወርና ዓመት ያትም ነበር። ይህ ግን ፊልሙ የታጠበበት እንጂ ምስሉ የተነሣበት ቀን አይደለም። ኮዳክሮም በልዩ ላቦራቶሪ ብቻ የሚታጠብ ስለነበረ በፖስታ ተልኮ ወራት ሊያልፉበት ይችላል። ስለዚህ በመዝገባችን «ከዚህ ወር በፊት» ብለን እንጽፋለን። ለእያንዳንዱ ስላይድ የሣጥኑን ቁጥር፣ የስላይዱን ቁጥር፣ ቦታውን፣ የሚታወቁትን ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንዲሁም ስሙን የነገረን ማን እንደሆነ እናሰፍራለን። ይህን የተማርነው ከጎረቤታችን ነው። በዴንተን የሚገኘው የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከ2004 ጀምሮ «ፖርታል ቱ ቴክሳስ ሂስትሪ» በተባለው መዝገቡ የቴክሳስን ትንንሽ ከተሞች ፎቶግራፎች ሲሰበስብ ከእያንዳንዱ ምስል ጎን ማን፣ የትና መቼ የሚለውን ያሰፍራል። የገበሬ ሠርግ እንኳ ቁጥርና ቀን አለው። የእኛ ሠርግ፣ የእኛ ምረቃ፣ የእኛ ደረጃ ላይ መቆም ከዚህ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

በአዲስ አበባም በመስቀል አደባባይ በ2010 በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ የሰማዕታቱ ፎቶግራፎች በግድግዳ ላይ በረድፍ ተሰቅለዋል። ያ ግድግዳ የቆመው አንድ ቤተሰብ አንድ ምስል ደብቆ ስላቆየ ነው። ሌሎች ምስሎች ደግሞ፣ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ፣ በዳላስ፣ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልምና በፍራንክፈርት ጋራዦች ውስጥ በሌላ ሰው ሣጥን ተቀምጠው ይሆናል።

ሁለት ጥንቃቄዎችን ጨምረን እንደምድም። አንደኛ፣ ምስሉ የባለቤቱ ነው። በምስሉ ላይ ካሉት መካከል በሕይወት ያሉ፣ ምናልባትም መታየት የማይፈልጉ ሰዎች አሉ። ያለ ፈቃድ አንድም ምስል ለሕዝብ አናወጣም፤ የተገለበጠውንም ከዋናው ሣጥን ጋር ለባለቤቱ እንመልሳለን። ሁለተኛ፣ ዲጂታል ምስልም ይሞታል። ስለዚህ ሦስት ቅጂ እንይዛለን፤ ሁለቱ በተለያዩ ዕቃዎች፣ አንዱ በሌላ ከተማ። ዋናው ስላይድም ከተገለበጠ በኋላ አይጣልም፤ የነገ ሌንስ ከዛሬው የተሻለ ይሆናልና።

እንግዲህ ወገኖቻችን ሆይ፣ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል እየሰማን ያደግን ነን። ስም ግን በራሱ አይውልም፤ የሚጽፈው ይፈልጋል። በያላችሁበት ከተማ በዚህ የዕረፍት ወራት ከታላላቆቻችሁ አንዱን ጎብኙ፤ ሣጥን እንዳላቸው ጠይቁ፤ ከጋራዥ እንዲያወጡት እርዷቸው። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ። ሌንሱን በኋላ እንዋሳችኋለን።